ጎንበስ የሚያሰኝ መብራት

ደባርቅ ውስጥ ጤናዬ ገብረ ክርስቶስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ አምፖል ተቃጥሎበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቋ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። በሩ ላይ የሽቦ ጥቅል እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ፖርታላምፓና የአምፖል ካርቶን ሞልቶታል። ሰው ወደ እሷ የሚሄደው ከእሷ የተገዛ ዕቃ ቶሎ ስለማይበላሽ ነበር እንጂ አንደበቷን ናፍቆ አይደለም።

አንድ ሙሽራ ገብቶ ተንጠልጣይ መብራት ሲጠይቃት፣ ዕቃውን ከማሳየቷ በፊት ከእግሩ እስከ ራሱ ታየዋለች።

«ቤትህ ውስጥ ቆመህ እጅህን ወደ ላይ ብትዘረጋ ኮርኒሱን ትነካለህ?»

«እነካለሁ።»

«በጣትህ ጫፍ ነው በመዳፍህ?»

«በመዳፌ።»

«እንግዲያው የሚያስፈልግህ ተንጠልጣይ መብራት ሳይሆን የብረት ቆብ ነው» ትለዋለች። ከዚያ ከኮርኒሱ ጋር ተለጥፎ የሚቀመጠውን፣ እንደ ድፎ ዳቦ ጠፍጠፍ ያለውን ክብ መብራት አውጥታ ባንኮኒው ላይ ታኖርለታለች። ሙሽራው ቢወድም ባይወድም ይዞት ይሄዳል። ያኮረፈም አለ። ካኮረፉትም አብዛኞቹ ሌላ ቦታ ገዝተው፣ ግንባራቸው ላይ እባጭ አብቅለው ተመልሰው ያውቃሉ። ጤናዬ እባጩን እያየች «እንኳን ደህና መጣህ» ትላቸዋለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም።

ንቀቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። የደባርቅ ብርድ የታወቀ ነው። ከስሜን የሚወርደው ንፋስ ቀዳዳ አይቶ አያልፍም። ስለዚህ ያገሩ ሰው ግድግዳውን ዝቅ አድርጎ ይሠራና ከጣራው ሥር ኮርኒስ ይወጥራል፤ ድሮ በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት፣ አሁን አሁን ደግሞ በችፑድ። ሙቀት እንዳያመልጥ ነው፤ ብልሃት ነው። ጤናዬ ዝቅ ባለ ቤት የሚኖረውን ሰው አልናቀችም፤ ራሷም የምትኖረው እንዲያ ባለ ቤት ነው። የምትንቀው፣ ዝቅ ባለ ቤት እየኖረ ጣራው ሰማይ የሚመስለውን ነው። ሚሊኒየሙ ሲቃረብ ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው በረከተ። የጎንደር የሠርግ አዳራሽ በቪዲዮ ያየ ሁሉ፣ ያንን የሚያብረቀርቅ የመብራት ዘለላ ከራሱ ኮርኒስ ሥር አንጠልጥሎ ማየት አማረው።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ፣ ዳባት አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። እጅግ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ግን የአጭር ሰው ቤት ነበር። ጠዋት ለኪዳን ሲወጡ ጉበኑ ግንባራቸውን ይመታቸዋል፤ «ይትባረክ» ብለው ይወጣሉ። ሲመለሱም ይደግማቸዋል። ልጃቸው አናጢ ይጠራና ጉበኑ ከፍ ይበል ስትላቸው፣ «ተይው ልጄ፣ ትሕትና ያስተምረኛል» ይሏት ነበር። ጤናዬ ግን ያየችው ትሕትናውን አይደለም፤ የግንባራቸውን ጠባሳ ነው። የሰውን ቁመት ሳይጠይቅ የተሠራ ቤትና የሰውን ቁመት ሳይጠይቅ የተሰቀለ መብራት፣ ለእሷ ሁለቱም የድንቁርና ልጆች ናቸው።

ባሏ አለምነህ በተቃራኒዋ ነበር። ዋናው መስመር ደባርቅ ሳይገባ በፊት፣ የከተማውን ጄኔሬተር የሚያስነሳው እሱ ነበር። ያ ሞተር የነጠቀው ነገር ቢኖር መስማቱን ሳይሆን መናገሩን ነው። እሷ ትሸጣለች፤ እሱ መሰላሉንና ካቻቢቴውን ይዞ ሄዶ ይገጥማል። ሰው ሲቆጣው ፈገግ ይላል፤ ሰው ሲለምነው እሺ ይላል። ጤናዬ ስለ ባሏ ስትናገር፣ «እሺ ማለት ቢያስከፍል ኖሮ ለማኝ በሆንን ነበር» ትላለች።

ሚሊኒየሙ በተቃረበበት በዚያው ዓመት፣ እንግዳው የሚባል የእህል ነጋዴ አዲስ ቤት አሠራ። እንግዳው ከዳባት መጥቶ ደባርቅ ላይ የከበረ፣ አጠር ወፈር ያለ፣ ሲራመድ ደረቱ ቀድሞት የሚደርስ ሰው ነው። ቤቱ በድንጋይ የተሠራ፣ በረንዳው ሸክላ የተነጠፈበት፣ ግንባሩ ሮዝ ቀለም የተቀባ ነበር። ግንበኞቹ ብርዱን ነግረውት ግድግዳውን ዝቅ አድርገውለታል፤ በዕድሜው ከሰማቸው ምክሮች አንዱን የተቀበለው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጎንደር ሄዶ አንድ ሆቴል አደረ። ሲመለስ በቀጥታ ጤናዬ ሱቅ ገባ።

«ጤናዬ፣ ትልቅ ተንጠልጣይ መብራት እንድታስመጪልኝ ፈልጌ ነው» አላት። «ሦስት ደርብ ያለው፣ ዙሪያውን እንክብል የተንዠረገገበት።»

«ለየትኛው ቤት ነው አያ እንግዳው?»

«ለአዲሱ ነዋ።»

«አዲሱን ሲሠራ አይቼዋለሁ። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ነው።»

«ሳሎኑ ሰፊ ነው። መቶ ሰው ይይዛል።»

«የሚሰፋው ወደ ጎን ነዋ። መብራት የሚንጠለጠለው ወደ ታች ነው።»

እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ያየሁበት ሆቴል እኮ...»

«ሆቴሉ ፎቅ ነው። እዚያ ከላይ ተንጠልጥሎ ታች ያለውን ያበራል። እርስዎ ቤት ከተሰቀለ ግን ጫማዎን ነው የሚያበራልዎ።» ከዚያ፣ እንደ ልማዷ፣ ጠፍጣፋውን ክብ መብራት አውጥታ አስቀመጠችለት። «ይሄን ሁለት ያድርጉበት። ኮርኒሱን ነጭ ቀለም ያስቀቡት፤ ብርሃኑ ይረጫል፤ ቤቱም ከፍ ያለ ይመስላል።»

እንግዳው መብራቱን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። «ይሄ የጤና ጣቢያ መብራት ነው። እኔ ዕቃ ልገዛ መጣሁ እንጂ ምክር አልለመንኩም።»

«እንግዲያው ይሂዱ። ጎንደር ምክር የማይሰጥ ነጋዴ ሞልቷል።»

ሄደም። ጤናዬ ከኋላው እያየች በልቧ ለካችው፤ ኮፍያውን ጨምሮ። አጭር በመሆኑ እሱን ላይመታው ይችላል ብላ አሰበች። የሚያሳዝነው ቤቱ የሚጋበዘው ሰው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ቅዳሜ አለምነህ ከሥራ ሲመለስ ጸጉሩ ላይ የኮርኒስ ብናኝ ነበረው። የት እንደ ዋለ ጠየቀችው። «አንድ ሰው ቤት ሽቦ ሳስተካክል» አላት፤ ከዚያም እጁን ሊታጠብ ወጣ። ደባርቅ ሽቦ የማይስተካከልበት ቤት ስለሌለ ጤናዬ አልመረመረችውም።

የቤቱ ምርቃት ቀን ከተማው ሁሉ ተጠራ። ጤናዬም ነጠላዋን አጣፍታ ከባሏ ጋር ሄደች። በሩን አልፋ ወደ ሳሎኑ ስትዘልቅ፣ ከፊቷ የሚሄዱት ሰዎች አንድ ቦታ ሲደርሱ በየተራ ጎንበስ ሲሉ አየች። ምን ሆነው ነው ብላ አንገቷን አሰገገች። ከሳሎኑ መሐል፣ ወርቅ የተቀባ ሦስት ደርብ ሻንደሊየር ወርዶ ወርዶ፣ የታችኛው እንክብሉ የመካከለኛ ሰው ደረት ጋ ደርሶ ቆሟል። ሥሩ ጠረጴዛ እንኳ አልነበረም፤ ልክ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው የተሰቀለው። ጠጋ ብላ አንዱን እንክብል በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ፕላስቲክ ነበር።

ሰዉ ለመብራቱ እየሰገደ ገብቶ ተቀመጠ። ጤናዬ በሕይወቷ ብዙ አጎብዳጅ አይታለች፤ በወገቡ ጭምር ሲያጎበድድ ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው። የወረዳ ሠራተኛው ሻንደሊየሩን በጎን በኩል ተሽከርክሮ አልፎ፣ «አያ እንግዳው፣ ይሄስ ቤተ መንግሥት ነው» አለ። አንዲት ወይዘሮ ጸጉሯ ከእንክብሉ ጋር ተያይዞባት፣ ጎረቤቷ እየፈታችላት፣ «ሲያምር» ትላለች። ማዶና ማዶ የተቀመጡ እንግዶች መተያየት ሲፈልጉ በዘለላው ሥር ዝቅ ብለው ይጠራራሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድም ሰው ይሄ ነገር መንገድ ዘጋብን አላለም። ጠላውን እየጠጡ ያወድሳሉ።

የእንግዳው ሚስት የሺወርቅ፣ ሰሐን ይዛ ወዲያና ወዲህ ትል ነበር። ከባሏ በብዙ ዓመት የምታንስ፣ ለካህናት ካባ ጥልፍ በመጥለፍ የታወቀች ዝምተኛ ሴት ናት። ወጥ የያዘች ሰው ጎንበስ ስትል ወጡም አብሮ ያጋድላል። ጤናዬ ይህን አየች፤ ሌላ ሰው ያየ አልመሰላትም።

ከምግብ በኋላ የደብሩ አለቃ ተክለ ማርያም ሊመርቁ ተነሡ። አለቃ ከወንበራቸው ሲነሡ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ምርቃቱን ሲጀምሩ ግን፣ የሚመርቅ ሰው ቀጥ ብሎ ነውና፣ ቀጥ አሉ። ጥምጥማቸው ከሻንደሊየሩ ቀንድ ጋር ተያዘ። እሳቸው አላወቁም። «ይህን ቤት የአብርሃም ቤት ያድርገው» ብለው ወደ ባለቤቱ ዞር ሲሉ፣ ያ ሁሉ ጥምጥም ከአናታቸው ተተርትሮ እንደ ተሰጣ ልብስ መብራቱ ላይ ተንጠለጠለ። አለቃ ባዶ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

እንግዳው ከተቀመጠበት ዘሎ ሮጠ። ጤናዬ ወደ አለቃ የሮጠ መስሏት ነበር። እሱ ግን በሁለት እጁ ሻንደሊየሩን ደግፎ ያዘና፣ «ቀስ፣ ቀስ አድርገው ይዙሩ አባቴ፣ እንክብሉ እንዳይረግፍ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ጤናዬ ዝም ልበል ብትልም የምትችል አልነበረችም። «አያ እንግዳው» አለች ከተቀመጠችበት፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ «ለመብራቱ ሌላ ቤት ይሥሩለት። ይሄን ለሰው ይተዉት።»

ሳቅ ከዳር ተነሣ። ቅድም ቤተ መንግሥት ያለው የወረዳ ሠራተኛ ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ። እንግዳው ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ መብራቱን እንደ ያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«የሰቀለው የኔ እጅ አይደለም፤ ያንቺው ባል ነው። እሱን ጠይቂው።»

አለምነህ አፉን ጥሬ ሥጋ ሞልቶት ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየው መዋጥም መትፋትም አቅቶት፣ ጉንጩን ሞልቶ ቀረ። ሳቁ አሁን ወደ ጤናዬ ዞረ፤ ይሄኛው ሳቅ የበለጠ ረዘመ።

ቤታቸው ደረሱ። በሩ እንደ ተዘጋ፣ «ለምን ሰቀልከው?» አለችው።

«ለመነኝ።»

«ኮርኒሱን አላየህም?»

«አየሁት። ነገርኩትም። ‹ዝም ብለህ ስቀለው› አለኝ።»

«ዝም ብለህ ሰቀልከው።»

አለምነህ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። «ጤናዬ፣ ሰው ሁሉ እንዳንቺ መጣላት አይወድም» አላት።

ይሄ ንግግሩ ከመብራቱ ይልቅ አናደዳት። የእንግዳው ትዕቢት አያስገርማትም፤ ትዕቢተኛ ሰው ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል። የራሷ ባል፣ ጥፋት መሆኑን እያወቀ፣ እያየ፣ መብራቱን በገዛ እጁ አስሮ መምጣቱን ግን ይቅር ልትለው አልቻለችም። ብዙ ቀን እህል ታቀርብለታለች እንጂ ቃል አታቀርብለትም ነበር።

እንግዳው በዚህ የተማረ የመሰለው ሰው ካለ፣ እንግዳውን አያውቀውም። መብራቱን አውርድ ቢሉት ውርደት ነው። ሰንሰለቱን አሳጥር ቢሉት ሰንሰለቱ መጀመሪያውንም አጭር ነው፤ ረጅሙ ራሱ ዘለላው ነው። ጣራውን አንሣ ቢሉት ቤቱን ማፍረስ ነው። እንግዳው አሰበ አሰበና መሬቱን ዝቅ አደረገው። ሠራተኛ ጠርቶ የሳሎኑን ሊሾ አስፈነቀለ፤ ከሥሩ እስከ ጉልበት አስቆፈረ፤ እንደገና ሊሾ አስደረገበት። አሁን ሰው ከበረንዳው ገብቶ፣ ደረጃ ወርዶ ነው ሳሎን የሚደርሰው። መብራቱ በእርግጥ ከአናት በላይ ሆነ። ሰው ሲጠይቀው እንግዳው፣ «ዲዛይን ነው» ይላል።

ወሬው ጤናዬ ሱቅ ሲደርስ ሽቦ እየለካች ነበር። ለካችው፣ ቆረጠችው፣ ለገዢው ሰጠችው፤ ከዚያ ተቀመጠች። «ለመብራት ብሎ መቃብሩን በቁሙ የቆፈረ እሱ ብቻ ነው» አለች። ከተማው ይህን ንግግሯን ተቀባብሎ ለእንግዳው አደረሰው። እንግዳውም የራሱን አደረገ፤ ዘመዶቹና የእህል ደንበኞቹ ከእሷ እንዳይገዙ ነገራቸው። ሱቋ ጭር ማለት ጀመረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሏን መልሳ መሰብሰብ አልቻለችም፤ ደግሞም መሰብሰብ አልፈለገችም።

ክረምቱ በዚህ መሐል ገባ። የደባርቅ ክረምት ለማንም ዲዛይን አያዝንም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቀን ከሌት ሲወርድ፣ የበረንዳው ጎርፍ መውረጃ ፈልጎ ደረጃውን አገኘ። ከሥር ደግሞ መሬቱ ራሱ ውሃ አመነጨ። የእንግዳው ሳሎን ኩሬ ሆነ። ሶፋው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆመ፤ ቡፌው እርጥበት ጠጥቶ አበጠ። ሻንደሊየሩ ብቻ ከላይ ሆኖ፣ ውሃው ላይ መልኩን እያየ ያብረቀርቃል። ጎረቤት ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ እየመጣ ያያል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሳለ፣ የሺወርቅ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ረጥባ ጤናዬ ሱቅ ገባች።

«እንዴት ዋሉ እትዬ ጤናዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ ዋና ትማሪያለሽ አሉ» አለች ጤናዬ።

የሺወርቅ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። ጃንጥላዋን አጥፋ ከበሩ ሥር አቆመችው። «ቀልዱን ሰው ሁሉ ነግሮኛል እትዬ። ከእርስዎ የሰማሁት ከሁሉም ይከፋ ነበር። እኔ ግን የመጣሁት መብራት ልገዛ ነው።»

ጤናዬን እንዲህ ፊት ለፊት የነገራት ሰው ብዙ አልነበረም። የሺወርቅ ስድቡን በስድብ አልመለሰችውም፤ እንደ ተበላሸ ዕቃ ባንኮኒው ላይ አኖረችላት። ጤናዬ በርጩማ ስባ ሰጠቻት።

«ባልሽ ያውቃል?»

«ማሽላ ሊገዛ አዲ አርቃይ ወርዷል። ሲመለስ ያውቃል።»

«ቤትሽን ልየው» አለች ጤናዬ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ፣ «አለምነህ፣ መሰላሉን አምጣ» ብላ ተጣራች። ከምርቃቱ ወዲህ በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ አለምነህ መሰላሉን ይዞ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

ሻንደሊየሩን አለምነህ ፈታው፤ ሁለቱ ሴቶች ከሥር ተቀበሉት። ከነብናኙ ወስደው አልጋ ሥር ከተቱት። ከዚያ ጤናዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በየክፍሉ ዞረች። ሰው በሚያልፍበት ሁሉ፣ በሳሎኑም በመተላለፊያውም፣ ከኮርኒሱ ጋር የሚለጠፈው ይሁን አለች። የሺወርቅ ሁሉንም እሺ አለች። የስፌት መኪናዋና የጥልፍ ጠረጴዛዋ ያሉበት ጥግ ሲደርሱ ግን ቆመች።

«እዚህ ተንጠልጣይ ነው የምፈልገው።»

«ዝቅ ባለ ቤት ተንጠልጣይ አልሸጥም» አለች ጤናዬ።

«ከላይ የተለጠፈው እኔ ላይ ነው የሚያበራው። ጎንበስ ስል ጥላዬ ጥልፉ ላይ ይወድቃል። ወርቅ ዘቦውን ከቢጫው ክር መለየት አልችልም።»

«ግንባርሽን ይመታሻል።»

«ሥሩ ጠረጴዛ አለ። በጠረጴዛ ላይ ማን ያልፋል?»

ጤናዬ ልትመልስ ነበር። የአባቷ ጉበን፣ የሙሽሮቹ ግንባር፣ የአለቃ ጥምጥም፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። አንዳቸውም ግን ጠረጴዛ ላይ አላለፉም። አለምነህ አምፖል በሽቦ አንጠልጥሎ ከጠረጴዛው በላይ በእጁ ያዘላቸው። የሺወርቅ ተቀምጣ መርፌዋን አነሣች። «ትንሽ ዝቅ» አለች። «አሁን ዓይኔን ወጋኝ፤ ትንሽ ከፍ።» ጤናዬ ወንበር ስባ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ራሷ አየችው፤ ከዚያ ሽቦውን ከባሏ እጅ ወስዳ ልኩን በጣቷ ያዘች።

«ቆብ ያስፈልገዋል» አለች። «ብርጭቆ አይሁን፤ ዓይን ይወጋል። ውስጡ ነጭ የሆነ የቆርቆሮ ቆብ አለኝ። ሦስት ዓመት ማንም አልገዛኝም።»

«ለምን?» አለች የሺወርቅ።

አለምነህ ነበር የመለሰው። «ለማንም አላሳየችውማ» አለ።

ጤናዬ ባሏን ገረመመችው። ግን ቆቡን ያን ዕለት ራሷ ወለወለችው።

እንግዳው ከአዲ አርቃይ ሲመለስ፣ ደረጃውን ወርዶ ሳሎኑ መሐል ቆመና ወደ ላይ አየ። «የት አለ?» አለ። የሺወርቅ፣ «አልጋ ሥር» አለችው። ማን አወረደው ሲላት፣ «እኔ» አለች፤ ሌላ ስም አልጠራችም። ጮኸ፤ ዘመድ ጠራ፤ ዘመዱም እግሩ ሲረጥብ እያየ፣ ሚስቱ ልክ ናት ብሎ ፈረደበት። ጉድጓዱ በድንጋይና በገረጋንቲ ተሞልቶ ቤቱ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ተመለሰ። እንግዳው ግን የተሸነፈ መምሰል አይችልበትም። መስከረም ሲጠባ ሻንደሊየሩን ለደብሩ ሰጠ፤ ሲሰጥም ስሙ በዐውደ ምሕረት እንዲነበብለት አደረገ።

«ለእግዚአብሔር የሰጠው ቤቱ አልገባለት ያለውን ነው» አለች ጤናዬ ለባሏ።

«ተቀበሉት እኮ።»

«አለቃ ምን ያድርጉ። ጥምጥማቸውን የበላ አውሬ ነው፤ ታስሮ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።»

ሆኖም ለበዓል ስትሄድ አየችው። ከቅኔ ማኅሌቱ ጣራ፣ ከሰው ሁሉ በላይ፣ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን አንሥተው ሲያሸበሽቡ አይደርሱበትም። ከዚያ ርቀት ፕላስቲኩ ፕላስቲክ መሆኑ አይታወቅም። ጤናዬ አጥብቃ አየችው፤ የምትነቅፈው ነገር ፈለገች፤ አጣች። ከቅዳሴ በኋላ አለምነህ፣ «እንዴት ነው?» ሲላት፣ «እዚህ ማንም አይመታውም» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነበር።

ሱቋ ቀስ በቀስ ሰው አገኘ። የካህናት ካባ ሊያሠራ የሚመጣ ሁሉ የየሺወርቅን ጥግ ያያል፤ መብራቱን ከየት እንዳመጣችው ይጠይቃል። ጤናዬ ለሸማኔ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ደብተር ለሚያርም አስተማሪ ተንጠልጣይ መሸጥ ጀመረች። ጥያቄዋ ግን አልቀረም፤ አንድ ጨመረችበት እንጂ። «ሥሩ ምን አለ?» ትላለች። «ምንም» ያላት ሰው አሁንም ያንን ድፎ መሳይ ክብ መብራት ተሸክሞ ይሄዳል። ምላሷም አልለዘበም። የሺወርቅን ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልቀለደችባትም። ሥራ ሲበርድ ሄዳ ከጠረጴዛዋ ማዶ ትቀመጣለች።

እንግዳው ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳባት ላይ ሌላ ቤት ሠራ። ያለፈው ስህተቱ ጣራው ዝቅ ማለቱ ነው ብሎ ስላመነ፣ ይሄኛውን ግንብ ወደ ላይ ሰደደው። ኮርኒሱን ለማየት አንገት ወደ ኋላ መጣል ያስፈልጋል። ከዚያ ከፍታ ላይ ከፊተኛው የሚበልጥ ሻንደሊየር ሰቀለ። ለምርቃቱ የሺወርቅን ለማስደሰት ሲል ጤናዬንና ባሏንም ጠራቸው።

ጤናዬ ገብታ ቀጥ ብላ እስከ መሐል ሄደች። ማንም አልሰገደም። ግን ቤቱ እንደ ዋሻ ይበርዳል፤ እንግዶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ከአፋቸው እንፋሎት እየወጣ ይበላሉ። ብርሃኑ ከላይ ቀርቶ፣ ሰሐን ላይ ያለው ወጥ ዶሮ ይሁን በግ አይለይም። እንግዳው ካፖርቱን እንደ ለበሰ መጣና አጠገቧ ቆመ።

«ይሄስ?» አላት። «አሁን ምን እንከን ታወጪለታለሽ?»

ጤናዬ ወደ ላይ አየች፤ ከዚያ ወደ የሺወርቅ። የሺወርቅ ከማዶ ሆና፣ ደባርቅ ያለውን የጥልፍ ጥጓን እንደማትለቅ ለጤናዬ ቀድማ የነገረቻት ያቺው ሴት፣ ጣቶቿን እያሻሸች ፈገግ አለች።

«መብራቱ ጥሩ ነው አያ እንግዳው» አለች ጤናዬ። «ለመብራቱ ቤት ሠርተውለታል። እርስዎ የት ሊያድሩ ነው?»

አለምነህ እጅጌዋን ሳብ አደረጋት። እሷ ግን ጋቢዋን ጠቅለል አድርጋ ወንበሯን ወደ ከሰል ምድጃው አስጠጋች፤ ወጧን በጣቷ ለይታ መብላት ጀመረች።